ባለ ሞተር የቴሌስኮፕ ማውንትን ቤት ውስጥ ፈትቶ ማደስና ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያገለገለ ማውንት፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው ክፍል፣ እጃችሁ ገብቶ ይሆናል። ወይም ለዓመታት ያገለገላችሁ ማውንት መንገጫገጭ፣ መጮህ፣ ኮከብ መሳት ጀምሯል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች እኔም ስጀምር የጠየቅኳቸው፣ በኋላም ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው። ብዙ ሰው አዲስ ሞተርና አዲስ ቦርድ ገዝቶ ይጀምራል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ ብረቱ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሮኒክሱ።

ለመሆኑ ማውንት ይህን ያህል ለምን ይወራለታል? ዋናው መስታወቱ አይደለም እንዴ?

መስታወቱ ብርሃን ይሰበስባል። ያንን ብርሃን አንድ ቦታ ላይ የሚያቆየው ግን ማውንቱ ነው። ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ሙሉ ዙር የምትዞረው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። ስለዚህ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ በሰማይ ላይ በሚታሰበው ክብ) አካባቢ ያለ ኮከብ በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ ያህል ይንሸራተታል። አርክ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በ200 እጥፍ አጉልታችሁ ጁፒተርን መሃል ላይ ብታደርጉትና ሞተሩን ብታጠፉት፣ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ከጠርዙ ወጥቶ ይጠፋል።

ኢኳቶሪያል የሚባለው ማውንት አንዱን ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ያደርጋል። ያኔ አንድ ሞተር፣ በአንድ ፍጥነት፣ የምድርን መዞር ያካክሳል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው የመነጽር ሠሪ ዮሴፍ ፎን ፍራውንሆፈር በ1824 ለዶርፓት (ለዛሬዋ ታርቱ፣ ኢስቶኒያ) የሠራው ትልቅ ቴሌስኮፕ ዛሬ የጀርመን ማውንት በምንለው ቅርጽ የቆመ ነበር። የሚያዞረውም የሰዓት ማሽን ነበር። የዛሬዎቹ የቤት ማውንቶች ያንኑ ቅርጽ ይዘዋል።

አሁን በቅርብ እንየው። በማውንቱ ውስጥ ትልቅ ጥርስ ያለው ጎማ አለ። ያንን ጎማ የሚገፋው ዎርም ይባላል። ላዩ ላይ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ ያለው አጭር ዘንግ ነው። ዎርሙ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ጎማው አንድ ጥርስ ብቻ ይሄዳል። ጎማው 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ አንድ አርክ ሰከንድ በጠርዙ ላይ 0.2 ማይክሮን ብቻ ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ዎርሙ በመቀመጫው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 5 ማይክሮን ብቻ ቢንሸራተት፣ ኮከቡ 26 አርክ ሰከንድ ይዘላል። ይህ ከጁፒተር ስፋት ግማሹን ያህላል ማለት ነው። ቆሻሻ፣ ልል ብሎን፣ ያረጀ ኩሽኔታ ለምን ይህን ያህል እንደሚጎዱ ከዚህ ይገባችኋል።

የኔ ማውንት መፈታት እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ በእጅ ሞክሩት። ኤሌክትሪኩን አጥፉ። ዘንጉን የሚያስረውን ፍሪሲዮን አጥብቁና የቴሌስኮፑን ጫፍ በቀስታ ወደ ጎን ነካ ነካ አድርጉት። ቀጭን "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ካለ ዎርሙና ጎማው መካከል ጨዋታ፣ ማለትም ልል ክፍተት፣ አለ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ፍቱና ዘንጉን አዙሩት። እንደ ቅቤ ለስላሳ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከከበደ፣ ወይም አሸዋ የሚፈጭ ከመሰላችሁ፣ መከፈት አለበት።

በእጅ ከሚሰማው በላይ ግን ፎቶ ይናገራል። ደመና የሌለበት ምሽት ጠብቁ። የማውንቱን አዚሙት፣ ማለትም አግድም አቅጣጫውን፣ ሆን ብላችሁ ሁለት ዲግሪ ያህል አሳስቱት። ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናታችሁ በኩል በሚያልፈው መስመር አጠገብ፣ ለሰማይ ወገብ ቀረብ ያለ ኮከብ ያዙ። ሞተሩን አስነሱና ለ20 ደቂቃ ተከታታይ አጫጭር ፎቶዎች አንሡ። በኋላ አንድ ላይ ደርቧቸው። ማውንቱ ስለተሳሳተ ኮከቡ በአንድ አቅጣጫ መስመር ይሠራል። መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ብዙውን ጊዜ ግን እንደ ማዕበል የተጣመመ ይሆናል። ያ ማዕበል የዎርሙ ስሕተት ነው። ዎርሙ በዞረ ቁጥር ስለሚደጋገም ፔሪዮዲክ ኤረር ይባላል።

ማዕበሉን መለካት ቀላል ነው። 206ን በካሜራው ፒክሰል መጠን በማይክሮን አባዙት። የተገኘውን ለቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት በሚሊ ሜትር አካፍሉት። ለምሳሌ 3.76 ማይክሮን ፒክሰልና 750 ሚሊ ሜትር ርዝመት ካላችሁ አንድ ፒክሰል 1.03 አርክ ሰከንድ ነው። ማዕበሉ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 40 ፒክሰል ከሆነ ስሕተታችሁ 41 አርክ ሰከንድ ገደማ ነው።

ይህን ቁጥር ሳትይዙ አንድም ብሎን እንዳትፈቱ። በኋላ የተሻሻለ ይሁን የባሰበት የምታውቁት በሱ ብቻ ነው።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ጥሩ የብሩጎላ ቁልፎች ስብስብ፣ በሚሊ ሜትር የተለካ። ርካሹን አትጠቀሙ፤ ጫፉ ይዞርና የብሎኑን ጭንቅላት ያበላሻል። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የስናፕ ሪንግ መፍቻ ፒንሳ፣ የላስቲክ መዶሻ፣ ካሊፐር፣ መልቲሜትር። ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ክር የማይተው ጨርቅ። ብሎኖችን ለይቶ ማስቀመጫ ትንንሽ ዕቃዎች። ስልካችሁም ለፎቶ አጠገባችሁ ይሁን።

ፈትቼ መግጠም ቢያቅተኝስ?

ይህ ስጋት ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም አለ። እያንዳንዱን ነገር ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። ካወጣችሁት በኋላ ደግሞ በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩት። ከጠቅላላው ሥራ የሚያጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው።

በተለይ ቀጫጭን ሮንዴላዎችን ተጠንቀቁ። በዘንጉ ላይ ከኩሽኔታው አጠገብ ወረቀት የሚመስሉ ሮንዴላዎች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ 0.1 ሚሊ ሜትር ናቸው። በግራሶ ተጣብቀው ከሌላ ክፍል ጋር ስለሚወጡ አይታዩም። እኔ የመጀመሪያውን ማውንቴን ስገጥም አንዷን ከጨርቁ ጋር ጥዬ ነበር። ዘንጉ ሲገጠም ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ሁለት ቀን ሙሉ ምክንያቱን ፈለግሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት ከአሮጌ ፎቶ ላይ ነው፤ ዘንጉ ጥግ ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ክብ መስመር ይታይ ነበር። ሮንዴላዋም ከቆሸሸው ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ተገኘች።

አንዳንድ አሮጌ ማውንቶች ደግሞ ያልታሰሩ የብረት ኳሶች አሏቸው። ዘንጉን ሲስቡት ይፈስሳሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ ሰፊ ፎጣ ላይ ፍቱ።

ብሎን እምቢ ካለ አትታገሉት። የፋብሪካ ሙጫ ሊኖረው ይችላል። በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ ካሞቃችሁት ይላላል።

የድሮውን ግራሶ በምን ላጽዳ? በምንስ ልተካው?

ርካሽ ማውንቶች ውስጥ የሚገኘው የፋብሪካ ግራሶ እንደ ሙጫ የሚለጠፍ ነው።  ወፍራም ግራሶ ጨዋታውን ይሸፍናል፤ በእጅ ሲያዞሩት ጥራት ያለው ይመስላል። ሲበርድ ግን ይጠጥራል፣ ሞተሩም ይደክማል።

ለብረቱ ነጭ ጋዝ ጥሩ ይሠራል። አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ። ፕላስቲክና ላስቲክ ላይ አታድርጉት። በመጨረሻ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉትና ይድረቅ። በዎርሙ ጥርሶች መካከል የጥርስ ብሩሹን በደንብ አስኬዱት፤ የብረት ብናኝ የሚደበቀው እዚያ ነው።

አዲሱ ግራሶ ቀላል የሊቲየም ግራሶ ወይም ቴፍሎን ያለው ሰው ሠራሽ ግራሶ ይሁን። መጠኑ ትንሽ ነው። ጥርሱ ላይ ስስ ሽፋን ይበቃል። ዝገት ለማላቀቅ የሚረጩትን ቀጭን ዘይት ግን በግራሶ ቦታ አትጠቀሙት። እሱ ይተንናል፣ ያለውንም ግራሶ አጥቦ ይወስደዋል።

ጥርሱን በብርጭቆ ወረቀት "ማለስለስ" የሚመክሩ አሉ። የጥርስ ሳሙና ወይም የመፈተጊያ ቅባት ቀብቶ ማዞርም ይባላል። እኔ አልመክርም። የተፈተገው ብናኝ ለስላሳው ነሐስ ውስጥ ይቀበራል፣ ከዚያም የዎርሙን ብረት መብላት ይቀጥላል። ደግሞ ጥርሱን እኩል አይፈትገውም። በንጹሕ ግራሶ ገጥሞ ለጥቂት ሰዓታት በሞተር ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ይሻላል።

ኩሽኔታዎቹን መቀየር አለብኝ?

ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በጣት አዙሩት። የሚንገጫገጭ ወይም የሚያንገራግር ከሆነ ቀይሩት። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ካልተጻፈም የውስጡን ቀዳዳ፣ የውጩን ስፋትና ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። በገንዘብ ረገድ ቅድሚያ መስጠት ካለባችሁ ዎርሙን የሚይዙት ሁለቱ ትንንሽ ኩሽኔታዎች ይቅደሙ። ትልልቆቹ ኩሽኔታዎች በጣም በዝግታ ስለሚዞሩ ብዙ ጊዜ ደኅና ናቸው።

ጨዋታውን እንዴት ላጥፋ?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከሥራው ሁሉ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

ጨዋታ ሦስት ቦታ ይደበቃል። አንደኛው ዎርሙ በራሱ መቀመጫ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተት ነው። ሁለተኛው በዎርሙና በትልቁ ጎማ ጥርስ መካከል ነው። ሦስተኛው ከሞተሩ እስከ ዎርሙ ባሉት ትንንሽ ጊሮች ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያጠብቅና ችግሩ ሲቀጥል ግራ ይጋባል። ቅደም ተከተሉ ከዎርሙ መጀመር አለበት።

የዎርሙን ጫፍ በጣትና በአውራ ጣት ያዙት። ግፉት፣ ሳቡት። ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። በጫፉ ያለውን ማጥበቂያ ቀለበት ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። ዎርሙ በጣት ያለ ችግር መዞር አለበት፤ ግን መንሸራተት የለበትም። ከዚያ የማጥበቂያውን መቆለፊያ እሰሩት። ስትቆልፉት ቀለበቱ አብሮ ትንሽ ስለሚዞር ደግማችሁ ፈትሹ። ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ዎርሙን ወደ ጎማው ማስጠጋት ነው። ዎርሙን የያዘው ክፍል በአብዛኛው የሚታሰረው በዋና ብሎኖች ነው። የሚገፋው ደግሞ ፊት ለፊት ባሉ ጭንቅላት አልባ ትንንሽ ብሎኖች ነው። ዋናዎቹን ትንሽ አላሉ። ገፊውን ብሎን በሰዓት ፊት ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ አዙሩ። ዋናዎቹን አጥብቁ። ጨዋታውን በእጅ ፈትሹ። አሁንም ካለ ድገሙት።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ትልቁ ጎማ ፍጹም ክብ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ልክ የሆነው ሌላ ቦታ ላይ ይጠብቃል። ስለዚህ ዎርሙን በእጅ እያዞራችሁ ጎማውን ሙሉ 360 ዲግሪ አስኪዱት። በጣም የሚከብደውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። የመጨረሻውን ማስተካከያ እዚያ ቦታ ላይ አድርጉ። በሌላው ቦታ ትንሽ ጨዋታ ይተርፋል። ይተርፍ። ጨርሶ ዜሮ ለማድረግ ከሞከራችሁ ሞተሩ በከባዱ ቦታ ላይ ይቆማል።

ከተቻለ ይህን ማስተካከያ ማውንቱን በምትጠቀሙበት ዓይነት ቅዝቃዜ ድገሙት። አሉሚኒየም፣ ነሐስና ብረት ሲበርዱ የሚኮማተሩት በተለያየ መጠን ነው። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ልክ የነበረው ውጭ ሊጠብቅ ይችላል።

ትንንሾቹን ጊሮች በቺንጊያ መቀየር ያዋጣል?

አዎ፣ በጣም። ከሞተሩ እስከ ዎርሙ ያለው የጊር ሰንሰለት ጨዋታም ድምፅም ያመጣል። ባለ ጥርስ ቺንጊያና ሁለት ፑሌጃ ሲተካው ሁለቱም ይቀንሳሉ። የጥርሶቹ ርቀት 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ጂቲ2 የሚባለው ቺንጊያ በብዙ የሦስት አቅጣጫ (3ዲ) ማተሚያ ማሽኖች ውስጥ ስላለ በቀላሉ ይገኛል።

አንድ ምክር አለኝ። የፑሌጃዎቹ ንጽጽር ሙሉ ቁጥር ይሁን። ሞተሩ ላይ ባለ 16 ጥርስ፣ ዎርሙ ላይ ባለ 48 ጥርስ ብታደርጉ ንጽጽሩ 3 ነው። ዎርሙ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ልክ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የትንሹ ፑሌጃ ስሕተትም ከዎርሙ ስሕተት ጋር አብሮ ይደጋገማል። የሚደጋገም ስሕተት ደግሞ በሶፍትዌር ሊታረም ይችላል። ንጽጽሩ ክፍልፋይ ከሆነ ስሕተቱ በእያንዳንዱ ዙር ቦታውን ይቀይራል፤ ለማረምም አይያዝም።

ቺንጊያውን እንደ ጊታር ክር አትወጥሩት። ከመጠን በላይ ከተወጠረ የሞተሩን ኩሽኔታና የዎርሙን ጫፍ ይጎትታል። በጣት ሲጫኑት ትንሽ ይርገብ።

አሁን ወደ ኤሌክትሮኒክሱ እንምጣ። የድሮው ቦርድ ሞቷል፤ ምን ላድርግ?

ሙሉ በሙሉ ከመተካት በፊት ገመዶቹን ፈትሹ። የሞተ ከመሰለው ቦርድ ውስጥ ብዙው የተሰበረ ሽቦ ወይም የዛገ ማገናኛ ነው። ያበጠ ካፓሲተር ካለም ይታያል።

በእርግጥ ከሞተ፣ ኦንስቴፕ የሚባለውን ነጻ ፕሮጀክት እመክራለሁ። ማንም ሰው አውርዶ የሚጠቀምበት፣ ኮዱም ክፍት የሆነ የቴሌስኮፕ መቆጣጠሪያ ነው። ቲንሲ፣ ኢኤስፒ32 እና ኤስቲኤም32 በሚባሉት ትንንሽ ቦርዶች ላይ ይሠራል። ኤልኤክስ200 የሚባለውን የቆየ የትእዛዝ ቋንቋ ስለሚናገር፣ የታወቁት የሰማይ ካርታ ፕሮግራሞች ያዙታል። ስልካችሁ ላይ ሳተርንን ትነካላችሁ፣ ማውንቱ ይሄዳል። ሥራው መበየድ ይጠይቃል፤ ግን መበየድ የሚችል ሰው የማያልፈው ነገር የለበትም።

ስቴፐር ሞተር ወይስ ሰርቮ?

ስቴፐር በእርምጃ በእርምጃ የሚዞር ሞተር ነው፤ ሰርቮ ደግሞ ያለበትን ቦታ እየለካ የሚዞር ነው። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ስቴፐር። ርካሽ ነው፣ ትእዛዙም ቀላል ነው። ባለ 400 እርምጃው ከባለ 200ው ይሻላል፤ በዝግታ ሲሄድ ይበልጥ ለስላሳ ነው።

በዲግሪ ስንት እርምጃ ብዬ ልሙላ? ሒሳቡ ግራ ገባኝ።

ቀላል ማባዛት ነው። አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሂድ።

ሞተሩ በአንድ ዙር 400 እርምጃ አለው። ድራይቨሩ፣ ማለትም ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ትንሽ ቦርድ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ይከፍለዋል። 400 ሲባዛ በ16፣ 6,400 ነው። ቺንጊያው 3 ለ1 ነው፤ 19,200 ይሆናል። ትልቁ ጎማ 144 ጥርስ አለው፤ 2,764,800 ይሆናል። ይህ ለአንድ ሙሉ የዘንግ ዙር ነው። ለ360 ስናካፍለው 7,680 እርምጃ በዲግሪ እናገኛለን። የምትሞሉት ቁጥር ይህ ነው።

አሁን ትርጉሙን እንይ። 7,680ን ለ3,600 ብናካፍል በአንድ አርክ ሰከንድ 2.1 እርምጃ ገደማ ነው። ማለትም አንድ እርምጃ ግማሽ አርክ ሰከንድ አይሞላም። ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። ኮከብ ሲከተል ሞተሩ በሰከንድ 32 እርምጃ ብቻ ይሄዳል። በሰከንድ 2 ዲግሪ ፍጥነት ወደ ሌላ ኮከብ ሲሮጥ ግን 15,360 ይደርሳል። ሞተሩ በደቂቃ 144 ዙር ነው የሚዞረው፤ ለስቴፐር የሚከብድ አይደለም።

እርምጃውን በ16 ፈንታ በ128 ብንከፍለውስ? ቁጥሩ ያምራል፤ ትክክለኛነቱ ግን በዚያው ልክ አያድግም። የተከፋፈለ እርምጃ ባነሰ ቁጥር የሚገፋበት ጉልበትም ያንሳል። ሰበቃው ከበለጠው ሞተሩ ጥቂት እርምጃዎችን ቆሞ ያጠራቅምና በአንዴ ይዘላል። ለዚህም ነው ብረቱ መቅደም ያለበት።

የጎማችሁን ጥርስ ብዛት አታውቁም? ዎርሙን በእጅ እያዞራችሁ ጎማው ሙሉ ዙር እስኪደርስ ቁጠሩ። የተለመዱት 144፣ 135 እና 180 ናቸው። ከዚህ የዎርሙ ዙር ጊዜም ይወጣል፦ 86,164 ሰከንድን ለጥርሱ ብዛት አካፍሉ። ለ144 ጥርስ 598 ሰከንድ፣ ለ180 ደግሞ 479 ሰከንድ ገደማ ነው። በፎቶው ላይ ያያችሁት ማዕበል በዚህ ጊዜ ልክ ከተደጋገመ ጥፋተኛው ዎርሙ ነው። ባጠረ ጊዜ ከተደጋገመ ጊሩን ወይም ፑሌጃውን ጠርጥሩ።

የትኛውን ድራይቨር ልግዛ?

ኤ4988 እርምጃውን እስከ 16፣ ዲአርቪ8825 እስከ 32 ይከፍላሉ። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ግን ይጮኻሉ። ቲኤምሲ2209 ወይም ቲኤምሲ5160 ጸጥ ያሉ ናቸው። ሌሊት ሰው ሲተኛ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ድራይቨሬ በመጀመሪያው ቀን ተቃጠለ። ምን አጠፋሁ?

ከሦስት አንዱን። በጣም የተለመደው ኤሌክትሪክ እያለ የሞተሩን ሽቦ መንቀል ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ድንገት ሲቋረጥ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይረጫል፣ ድራይቨሩም ይሄዳል። ልል ማገናኛም ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ በብሎን የሚቆለፍ ማገናኛ ተጠቀሙ።

ሁለተኛው የአምፔር መጠኑን አለማስተካከል ነው። በተለመዱት የዲአርቪ8825 ቦርዶች ላይ ትንሿ መጠምዘዣ ላይ የምትለኩት ቮልት ሲባዛ በ2 የአምፔሩ ጣሪያ ነው። 0.5 ቮልት ከሆነ 1 አምፔር ማለት ነው። ሞተራችሁ ላይ ከተጻፈው አሳንሳችሁ ጀምሩ። ሞተሩን ስትነኩት ሞቅ ቢል ችግር የለውም፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ቀንሱ።

ሦስተኛው ድራይቨሩን ገልብጦ መሰካት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ከመሰካት በፊት ሁለት ጊዜ ማየት ብቻ ነው። በድራይቨሩ የኃይል መግቢያ ላይም 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እንዳይቀር። በዋናው ገመድ ላይ ፊውዝ አስገቡ።

ወደ ኮከብ ሲሮጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ግን አይዞርም።

ፍጥነቱንና በተለይ ማፍጠኛውን ቀንሱ። ከዚያ የቴሌስኮፑን ሚዛን ፈትሹ። ካልሆነም ኃይሉን ከ12 ወደ 24 ቮልት አሳድጉ፣ ድራይቨሩ የሚችል ከሆነ። ስቴፐር በከፍተኛ ፍጥነት ጉልበት የሚያጣው ቮልቴጁ ሲያንሰው ነው።

ሃርሞኒክ ድራይቭ የሚባለውን ልግጠምበት?

በዎርሙ ፈንታ የሚገባ፣ በሚለመጥ ባለ ጥርስ ቀለበት የሚሠራ ጊር ነው። ጨዋታ የለውም፣ ለክብደቱም ብርቱ ነው። የዎርሙን ማስተካከል ሁሉ ትገላገላላችሁ። ነገር ግን የራሱ ፔሪዮዲክ ኤረር ትልቅ ነው። ለፎቶ ሁልጊዜ በካሜራ የሚመራ፣ ማለትም ካሜራ ኮከቡን እያየ ሞተሩን የሚያርመው፣ መሆን አለበት። በዓይን ብቻ ለሚመለከት ሰው ወጪውን አይክስም። ኃይል ሲቋረጥም አንዳንዱ በክብደቱ ሊዞር ስለሚችል ፍሬን ያለው መሆን አለበት።

ገጥሜ ጨረስኩ። ቀን ላይ ብሞክረው ችግር አለው?

ቤት ውስጥ ሞክሩት። ውጭ ከሆነ ቴሌስኮፑን አውርዳችሁ፣ ማውንቱን ብቻ። አዲስ ሶፍትዌር አቅጣጫ ተሳስቶ ወደ ፀሐይ ሊዞር ይችላል። ያልተሸፈነ ቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ ከዞረ ዓይን ያጠፋል፣ ካሜራ ያቃጥላል። በዚህ ላይ ድርድር የለም። የመፈለጊያ ትንሿ ቴሌስኮፕም መሸፈን አለባት፤ የሚረሳው እሷ ነች።

የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሚዛን። ቴሌስኮፑን ጫኑና ክብደቱን አስተካክሉ። በዋናው ዘንግ ላይ ግን የምሥራቁ በኩል ትንሽ ይክበድ። ያኔ ሞተሩ ሁልጊዜ ሸክም እየገፋ ይሄዳል፣ ጥርሶቹም አይላቀቁም። ያቺ በከባዱ ቦታ ላይ ስታስተካክሉ የተረፈችው ጨዋታ በዚህ ትደበቃለች።

ከዚያ የምድርን ዘንግ ማግኘት ነው። የሰሜን ኮከብ ከእውነተኛው ዋልታ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ነች። ይህ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ትንሽ ይበልጣል። ለዓይን ይበቃል፣ ለፎቶ ግን አይበቃም። የዋልታ መነጽር ወይም በካሜራ የሚሠራ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ከምድር ወገብ አጠገብ ያላችሁ ሰዎች ኮከቧን አድማስ አጠገብ ዝቅ ብላ ወይም ጨርሶ ተሸፍና ታገኟታላችሁ። ለእናንተ ኮከብ ወደ የት እንደሚንሸራተት እያያችሁ የምታስተካክሉበት መንገድ ይሻላል።

በካሜራ የምትመሩ ከሆነ ፒኤችዲ2 የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አለ። በሁለተኛው ዘንግ ላይ ጨዋታ ካስቸገራችሁ ዘንጉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲታረም አድርጉት። ወዲያና ወዲህ ካልተመላለሰ ጨዋታው አይታይም።

በመጨረሻ ያንን የመጀመሪያውን ፎቶ ድገሙት። አዚሙቱን ሁለት ዲግሪ አሳስቱ፣ በዚያው የሰማይ አካባቢ፣ 20 ደቂቃ። የአሁኑን ማዕበል ከድሮው አጠገብ አስቀምጡና ለኩ። ከዚያ በወረቀት ላይ ጻፉ፦ የጎማውን ጥርስ ብዛት፣ የፑሌጃውን ንጽጽር፣ በዲግሪ ያለውን እርምጃ፣ የድራይቨሩን ቮልት፣ የግራሶውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ሁለቱን የማዕበል ቁጥሮች። ወረቀቱን በሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ጎን ለጥፉትና ክዳኑን ዝጉ።